ፈርጥ የሚያዳምጥ ሰው

ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ይለዋል። ፍርድ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ሥራው የተሰበረ ቀለበት መጠገን፣ የጠበበውን ማስፋት፣ የሰፋውን ማጥበብ፣ ሊወልቅ የደረሰ ፈርጥ መልሶ ማጥበቅ ነው። ዳኝነቱን ያመጣበት ምላሱ ነው። ቀለበት መዳፉ ላይ ይረፍ እንጂ፣ ማንም ሳይጠይቀው ማን እንደነደፈው፣ ማን እንደሠራው፣ የቱ ጋ እንደተቻኮሉና የቱ ጋ እንደሰነፉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የቀለበቱ ባለቤት ፊት ለፊቱ ቆማ እየሰማች መሆኗ ትዝ አይለውም። ስንቷ ሙሽራ ቀለበቷን ልታስጠብብ ስቃ ገብታ ፊቷን አጥቁራ እንደወጣች እሱ አያውቅም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃል።

ደግሞ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለቸገረው በነጻ ይጠግናል፣ እንግዳ ሻይ ሳያጠጣ አይሸኝም፣ ሰው ሲታመም ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነው። ችግሩ ዓይኑ አያርፍም። የታማሚውን ግንባር በእጁ እየዳሰሰ፣ ዓይኑ የአልጋውን እግር መንጋደድ ይመለከታል።

ሱቁ በአንድ አሮጌ ሕንጻ መተላለፊያ ላይ፣ በቁልፍ ቀራጭና በሰዓት ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር እንደ ሽርጥ የተወጠረ ቆዳ አለ፤ ከሞረዱ የሚረግፈው የወርቅ ብናኝ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከአንገቱ አንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር በክር ተንጠልጥላለች። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቃትም እያለች ታሾፍበት ነበር።

ወደዚህች ሱቅ የሚመጣው ቀለበቱ የተሰበረበት ብቻ አይደለም። ሊያጭ ያሰበ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ጎራ ይላል። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ጋሼ፣ የመስታወት ቤቱ ይሻላል ወይስ የደረጃዋ ሴትዮ?»

የመስታወት ቤት የሚባለው በዋናው ጎዳና ላይ ያለው ነው። ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ጓንት ያጠለቀ ዘበኛ በሩን የሚከፍትበት፣ ነዳፊው በትልቅ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ፈገግ ብሎ የሚቀበልበት ቤት። ከዚያ የተገዛ ቀለበት ማብራሪያ አያሻውም። «ከመስታወት ቤት ነው» ከተባለ በቃ፣ አክስቶች ይተያያሉ፣ ጎረቤት ይጠቃቀሳል። ቀለበቱ የመጣበትን የወረቀት ከረጢት ሳይቀር ሳሎን ውስጥ፣ ለእንግዳ ዓይን በሚመች ቦታ የሚሰቅሉ አሉ።

የደረጃዋ ሴትዮ ደግሞ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አናት ላይ ናት። ደረጃውን ወጥቶ የጨረሰ እጮኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው ይባላል። ራሷ ትነድፋለች፣ ራሷ ታቀልጣለች፣ ፈርጡንም በገዛ እጇ ታስቀምጣለች። ብዙ አትሠራም። የሚያስቸኩላትን ሰው «እዚያ ታች ቶሎ ቶሎ አለልህ» ብላ ትሸኘዋለች። ቶሎ ቶሎ ማለት ገበያው መግቢያ ላይ ያለው፣ ሁሉን ነገር ለነገ አደርሳለሁ የሚለው ቀለበት ሠሪ ነው። የሴትዮዋን ቀለበት ያደረገች ልጅ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት አለባት፤ ሴትዮዋ ማን ናት፣ የት ናት፣ ለምን ከትልቁ ቤት አልተገዛም።

ዳኛው ለሦስቱም ፍርዱን አዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ስለ ቶሎ ቶሎ ሲጠየቅ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለ ደረጃዋ ሴትዮ፣ ከእሷ የሚገዛው ስም ሳይሆን እንቅልፍ ነው ይላል፤ ፈርጤ ወደቀ አልወደቀ ብሎ የሚባንን የለም። ስለ መስታወት ቤት ሲሆን ወንበሩን ያስተካክላል። ነዳፊው ወረቀት እንጂ ወርቅ አያውቅም። እሱ ይስላል፣ ሌላው ያቀልጣል፣ ሌላው እየተጣደፈ ፈርጡን ያስቀምጣል፣ ስሙን የሚቀርጽበት ደግሞ ሌላ ነው። «ለሳጥኑ ትከፍልና ቀለበቱን ይመርቁልሃል» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ፍርዱ ውስጥ ቅናትም አለበት። በወጣትነቱ ነዳፊ መሆን ነበር ሕልሙ። ሥዕሎቹን በጥቅልል ይዞ መስታወት ቤት ሄዶ ነበር፤ ጥቅልሉን ሳይፈቱ መለሱለት። ያን ቀን የዋጠው ነገር እስከ ዛሬ አልተፈጨለትም።

ከዓይኑ ይልቅ የሚያምነው ጆሮውን ነው። ቀለበቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጎኑን መታ ያደርገዋል። በደንብ የተያዘ ፈርጥ ድምፅ የለውም። የላላ ከሆነ ግን፣ ለዓይን ምንም ሳይታይ፣ ጢቅ የምትል አንዲት ቀጭን ድምፅ ትሰማለች። ጢቅ ያለ ፈርጥ ዛሬ ባይሆን ነገ ከእቃ ማጠቢያው ውሃ ጋር ይሄዳል። ዝም ያለ ፈርጥ ሲያገኝ ደስ ይለውና «ዝም አይነቅዝም» እያለ ለባለቤቱ ይመልሳል።

ይህችን ነገር ለአንድያ ልጁ አስተምሯታል። ሕጻን ሳለች አጠገቡ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ትቀመጥና፣ የደንበኛ ቀለበት አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ እየወሰደች «አባዬ፣ ይሄኛው ያወራል» ትለው ነበር። ያወራል ያለችው ሁሉ እውነትም የላላ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ቁልፍ ቀራጩንም ሰዓት ጠጋኙንም ጠርቶ ጆሮዋን ያስመሰክር ነበር።

ሚስቱ ቀለበት አልነበራትም። ሲተጫጩ የጀመረላት አንድ ነበረ። ሊያልቅ ሲል እንከን ያገኝበታል፣ ያቀልጠዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ልጅ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ቀለበቱ አላለቀም። ሚስቱ ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ «ባሌ ቀለበት ሠሪ ነው፣ እኔ ግን ጣት ብቻ ነኝ» እያለች ጎረቤቱን በሳቅ ትገድል ነበር። በሽታ ሲጥላት ወርቁ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ማቅለጫው ውስጥ ነበር። በባዶ ጣቷ ተቀበረች። ስለዚህ ነገር ዳኛው አያወራም፣ ሰውም አያነሳበትም።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ይወዳታል፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ግን ያመጣችለት ነገር ሁሉ በዚያች መነጽር ሥር ማለፍ ነበረበት። የሳለችውን ሥዕል፣ የቀቀለችውን ሾርባ፣ ያገኘችውን ውጤት፣ ቤት ያመጣቻትን ጓደኛ፣ ሁሉንም አየት ያደርግና «ጥሩ ነው፣ ግን...» ይላል። ያ «ግን» ሳይከተል የቀረበትን ቀን ልጅቷ አታስታውስም። እያደገች ስትሄድ የምታሳየው ነገር እያነሰ መጣ። መጀመሪያ ሥዕሉ ቀረ፣ ቀጥሎ ጓደኞቿ ቀሩ። መድኃኒት ቤት መቀጠሯን እንኳ የነገረችው ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው። እሱ ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

እጮኛዋ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ድረስ አንድ ጊዜ ይዛው መጥታ ነበር፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ወጣት ነው። ከሄደ በኋላ ዳኛው «ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ጫማውን አልጠረገም» አለ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ወጣቱን ሱቅ ይዛው አልመጣችም።

ታዲያ አንድ ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ እሷ ሳህን እያጠበች እሱ እያደራረቀ ሳለ፣ ቀለበት እንደተሰጣትና የወጣቱ እናት ለእሁድ ምሳ እንደጠራቻቸው ነገረችው። ዓይኑ ወዲያው ወደ ጣቷ ሄደ። ጣቷ ባዶ ነበር።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የምታየው እሁድ ነው» አለችው። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እንደ አባት እየው። እንደ ዳኛ አትየው።»

ሳቀ። መነጽሯን ቤት ትቻት እመጣለሁ አላት።

«እየቀለድኩ አይደለም» አለች፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «እማዬ በባዶ ጣቷ ነው የሄደችው። እኔ የወደድኩትን ነገር እሱ ቤት፣ እናቱ ፊት ብታሳንስብኝ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አላሳይህም። ቤቴንም፣ ስወልድ ልጄንም።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተነሳም፤ እሱን ያስፈራው ይኸው ነው። የሚቆጣ ሰው ይበርድለታል፤ ልጅቷ ግን አስባበት የጨረሰችውን ነበር የነገረችው። ማድረቂያ ጨርቁን አስቀምጦ፣ መነጽሯን ከአንገቱ አውልቆ፣ እያየችው መሳቢያ ውስጥ ከተታት። በእናቷ ስም ማለላት።

እስከ እሁድ ግን እንቅልፍም ምግብም አልበጀውም። ከየት ይሆን የገዛው? ከደረጃዋ ሴትዮ ከሆነ ግልግል ነው፣ ከልብ ያመሰግናል። ከቶሎ ቶሎም ቢሆን ችግር የለም፣ ስለ እሱ ድሮም ብዙ አይናገርም። ብቻ ከመስታወት ቤት አይሁን። ሞረዱን እየሳበ ሳይታወቀው «ከደረጃዋ ይሁን፣ ከደረጃዋ ይሁን» ሲል ሰዓት ጠጋኙ ሰምቶት ሳቀበት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

የወጣቱ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን በመርፌ ያሳደገች። ቤቷ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ነው። የስፌት መኪናዋን በነጭ ጨርቅ አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አስቀምጣበታለች፣ ለእንግዳ ስትል። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተገፍቷል፤ ወንበሮቹ ሁለቱ የራሷ፣ ሁለቱ ከጎረቤት የመጡ ናቸው። ዳኛው ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን አየና ምላሱን ነከሰ። የጎረቤቱ ወንበር ይነቃነቅ ነበር፤ እሱንም ዋጠው።

ሴትዮዋ ፈርታለች። ሳህናቸው ሳይጎድል ሩዝ እየደጋገመች ትጨምርላቸዋለች። ከምሳ በኋላ ፍርሃቷን በጨዋታ አድርጋ ተናገረችው።

«ልጄ ከየት ልግዛ ሲለኝ፣ የልጅቷ አባት አዋቂ ናቸው፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሄደህ እንዳታሳፍረን አልኩት። ጠየቅን፣ አጠያየቅን። የሁሉም የበላይ ማነው ስንል መስታወት ቤት አሉን። በቃ፣ ለእርስዎ ስንል እዚያው ሄደ።»

ለእርስዎ ስንል። ወጣቱ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ለልጅቷ ጣት ሳይሆን ለዳኛው ምላስ ነበር። ወጣቱ በዚያ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያጥፍ ነበር።

ልጅቷ ከቦርሳዋ አውጥታ ጣቷ ላይ አደረገችው። ቅጠል ነው፤ ሁለት ቀጫጭን የወርቅ ቅጠሎች ፈርጡን ከግራና ከቀኝ አቅፈውታል። ዳኛው የመስታወት ቤቱን ነዳፊ እጅ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ለየው። አንደበቱ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀ ስንት ነገር ነበር። ትንፋሹን ሰብስቦ «ቆንጆ ነው» አለ። ከዚያም አፉን ዘጋ።

ክፍሉ ሁሉ ተነፈሰ። የልጅቷ ፊት በራ። ስንት ዘመን የጠበቀችው ነገር ነበርና፣ «ግን» የሌለበት አንድ ቃል፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ከወንበሯ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች፣ እጇን ሰጠችው። ሊስመው ተቀበላት። ሊስመው ነበር ሐሳቡ፤ ይህን ማንም ይመስክርለት። አመል ግን ያወጣል ከመሀል። እጇ በከንፈሩ በኩል አለፈና ጆሮው ሥር ደረሰ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍርም ቀለበቱን መታ አደረገው።

ጢቅ።

ዳኛው ደረቀ። የልጅቷ ጣቶች እጁ ውስጥ ቀዘቀዙ። ይህ እንቅስቃሴ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

የወጣቱ እናት ግን የመሰላት ሌላ ነው። «ይሄ እናንተ ቤት የሚደረግ ምርቃት ነው?» አለች ደስ ብሏት። «ምን አለ ታዲያ?»

ሰዉ ሁሉ የእሱን አፍ ያያል። ላልቷል ቢል ወጣቱን በእናቱ ፊት ማዋረድ ነው፣ ልጁንም ማጣት ነው። አልላላም ቢል ፈርጡ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ይወድቃል። ዳኛው በሕይወቱ ስለ ፈርጥ ዋሽቶ አያውቅም።

«ምንም አላለም» አለ። «ዝም ብሏል። ዝም ሲል ነው ደግ።»

ሴትዮዋ አጨበጨበች። ደስታዋ በዚያ አላበቃም፤ የራሷን የጋብቻ ቀለበት በሳሙና ታግላ አውልቃ «የእኔንም ያዳምጡልኝ» አለችው። ድፍን ወርቅ ነው፣ ፈርጥ የሚባል ነገር የለበትም። ዳኛው እንደ ሐኪም ጆሮው ላይ ለጥፎ «ይሄም ዝም ብሏል» አላት። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም።

በአውቶቡስ ሲመለሱ አጠገቡ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ቀለበት ያለበት እጇን ቦርሳዋ ሥር ደብቃዋለች። ቤት ገብታ ክፍሏን ዘጋች። ዳኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ሠራ፦ ቃሉን አፍርሷል፣ ዋሽቷል፣ ፈርጡም አሁንም ላልቷል። በአንድ ምሳ ላይ ይህን ሁሉ ያበላሸ ሰው የለም ብሎ ራሱን ረገመ። ማልቀስ አምሮት ነበር፤ አልመጣለትም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ፊቱ ቆማለች። ልትታጭ ነው፤ እጮኛዋ ምረጪ ብሏታል፤ እና ጋሼ፣ የመስታወት ቤቱ ይሻላል ወይስ የደረጃዋ ሴትዮ? ዳኛው መልስ ሊሰጥ ቀና ሲል፣ ከደንበኛዋ ትከሻ በስተጀርባ ደጃፉ ላይ ልጁ ቆማ አያት። ተማሪ ከነበረችበት ጊዜ ወዲህ ብቻዋን ሱቁ መጥታ አታውቅም።

«ሁለቱም ጥሩ ጥሩ ቀለበት አላቸው» አለ ለደንበኛዋ። «አንቺ የትኛውን ወደድሽ?»

ደንበኛዋ ግራ ገባት። ለዚህ ለዚህማ ምን አለፋኝ በሚል ዓይን አየችውና ወጣች። በመተላለፊያው ላይ ቁልፍ ቀራጩን «ሰውየውን አሟቸዋል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው ተሰማ።

ልጅቷ ገባች። ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፈርጡ ላልቷል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ዝም ብሏል አልክ።»

«ዋሸሁ» አለ ዳኛው። «እጄ ቀደመኝ ልጄ። ልስምሽ ነበር። የማልኩልሽን አፈረስኩ፣ ምን እላለሁ...»

«እኔም አውቅ ነበር» አለችው።

አልገባውም። ከመቼ ጀምሮ አላት።

«ከሰጠኝ ሰዓት ጀምሮ።» በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችው። ወጣቱ አንድ ትልቅ ሕንጻ ላይ አሳንሰሩን ጠግኖ የጨረሰ ዕለት፣ ከማንም በፊት እሷን አሳፍሮ ጣራው ላይ ወሰዳት። ከተማው ሁሉ ከሥራቸው ነበር። ሳጥኑን ከፈተ፣ ቀለበቱን በእጇ ላይ አደረገላት፣ መናገር ጀመረ። እሷ ደግሞ እጇን ወደ ጆሮዋ ወሰደችው።

«ጉንጬ ላይ ያስጠጋሁት መሰለው። እንባው መጣ። እኔ ግን ጥፍሬን መታ እያደረግሁ ነበር።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «አባዬ፣ ሰው እየወደደኝ እኔ ፈርጥ አዳመጥኩ። አንተን አትፍረድ ብዬ ያስማልኩህ ራሴን ፈርቼ ነው። ትናንት እጄን ወደ ጆሮህ ስትወስደው አልተቆጣሁህም። ራሴን ነው ያየሁት።»

ዳኛው ስትቆጣው፣ ስታኮርፈው፣ ልጇን ስትከለክለው ሁሉ በሐሳቡ አይቶት ነበር። እኔን መስላ ትመጣብኛለች ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ጆሮዋን ጎረቤት ጠርቶ ያስመሰከረላት፣ ያንን ጆሮ የሰጣት እሱ ነው።

ሌላ የሚሰጣት ነገር ስላልነበረው ሥራውን ያዘ። መነጽሯ እንደገና አንገቱ ላይ ናት፤ ግን ሳያነሳት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ልጅቷን አያት። ራሷን ነቀነቀችለት። ቀለበቱን መቆንጠጫው ላይ አስሮ መነጽሯን ዓይኑ ላይ አደረገ። ፈርጡን ቆንጥጠው ከያዙት የወርቅ ጥፍሮች አንዱ አጥሯል። የተቻኮለ ሰው ሥራ ነው፤ ከሞረዱ አቆራረጥ ሠራተኛው የደከመው በስተመጨረሻ ላይ እንደሆነ ሁሉ ይታየዋል። ፍርዱ ከነማስረጃው ምላሱ ላይ ደረሰ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

ሌላም ነገር አየ። ከቅጠሎቹ ሥር፣ ከጣት በኩል፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ የቅጠሎቹ ደም ሥሮች አንድ በአንድ ተስለዋል። ለዓይን ብለው የሠሩት አይደለም፤ ያደረገችው ልጅ ራሷ እንኳ አታየውም። ወርቅ አያውቅም እያለ ሲያማው የኖረው ሰውዬ ነው የሳለው። ዳኛው ይህንንም አልተናገረም፤ ግን ዓይኑን ቶሎ አላነሳም።

ካጠረው ጥፍር ጫፍ ላይ ትንሽ ወርቅ ጨምሮ በጥንቃቄ አጠጋው፤ ሌሎቹንም በየተራ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያመጣጠነ ገፋቸው። እጁ ሲሠራ ልቡ ትንሽ ተረጋጋ። እንዲህ ዝም ብለው አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ሲሰጥሽ ምን አለሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

«አልሰማሁትም» አለች።

ጉጠቱን አስቀመጠ። የሰው ልጅ በሕይወቱ ምናልባት አንድ ጊዜ የሚናገረው ነገር ተነግሯታል፣ እሷም አልሰማችውም። ወጣቱ ደግሞ ሰምታኛለች ብሎ እስከ ዛሬ ደስ ብሎት ይኖራል። ዳኛው ያቀለጠው ወርቅ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢመጣ ይህችን አንዲት ነገር አይጠግናትም።

«የት ነው አሁን?» አለ።

«ደጅ፣ መኪናው ውስጥ። ፈርጡ እንደላላ ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። በሐፍረት ሞተ። ዳኛው ፊት አልቀርብም አለ።»

ዳኛው ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ቀለበቱን ጨብጦ ወጣ። ወጣቱ መሰላል የተጫነባት የሥራ መኪና ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ሲያየው ደነገጠ፤ ወርዶ በቁሙ ይቅርታ መለመን ጀመረ፤ እኔ ምኑንም አላውቅም ጋሼ፣ ስሙ ትልቅ ነው ሲሉኝ ነው፣ እመልሰዋለሁ፣ ሌላ አመጣለሁ።

«ቀለበቱ ደህና ነው» አለው ዳኛው። «ቆንጆ ቀለበት ነው። የጎደለው ሌላ ነው፣ እሱንም ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ና ግባ፣ ራሷ ትንገርህ።»

ሱቋ ውስጥ ሦስቱም ገብተው በሩ ተዘጋ። ልጅቷ እንደቆመች ነገረችው፤ ጣራው ላይ ምን እያደረገች እንደነበር፣ ለምን እንዳልሰማችው፣ ምንም ሳትሸፍን። ወጣቱ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በሩ ተመለከተ፤ ዳኛው በቃ ሊሄድ ነው ብሎ ፈራ። ወጣቱ ግን አልሄደም።

«ምንም አልሰማሽም?» አላት።

«ምንም።»

ዳኛው ቀለበቱን በወጣቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና «ድገምላት» አለው።

ወጣቱ ቀለበቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ዳኛውን አየ። እዚህ፣ እርስዎ ፊት? የሚል ዓይን ነው። እውነቱን ነው፤ ሱቋ ለሦስት ሰው የትንፋሽ ቦታ እንኳ የላትም፤ በሩ እንዳይከፈት ልጅቷ ተደግፋዋለች። የሚሸሽበት ቦታ አልነበረም።

ዳኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማለስለሻ ሞተሩን አስነሳው። ያ ሞተር ሲነሳ ሰዓት ጠጋኙ ከጎን ግድግዳ የሚደበድብበት፣ ራስን የሚያዞር ጩኸት ያለው ነው። ከጠረጴዛው ላይ እጁ ያገኘውን ናስ አንስቶ በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ ደገነው፤ ጩኸቱ በእጥፍ ጨመረ። ዘመኑን ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ የኖረ ሰው፣ ምንም ላለመስማት ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ።

ቀና ያለው ልጁ ትከሻውን ስትነካው ነው። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል፤ ወጣቱም አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። ሞተሩን አጠፋው። ሦስቱም ትንሽ ተሳሳቁ፣ ከዚያ ሥራ እንዳይረፍድባቸው ተሰናብተውት ሄዱ።

ወጣቱ የተናገረው ረጅም ይሁን አጭር፣ ያማረ ይሁን የተንተባተበ፣ ዳኛው እስከ ዛሬ አያውቅም።